አንደኛ ከአንድ ተማሪ

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 6

ከፈረንጆች የገና እረፍት በኋላ ዛሬ ትምህርት ተከፈተ። ጠዋት አርባ አንድ የሰው ልጆች በቢጫው ባስ ትምህርት ቤታቸው አደረስኩ። ከዚያ ባሱን አቁሜ፣ ቤት ገብቼ፣ እጄን ታጥቤ፣ የራሴን ልጅ ከትምህርት ቤት ያስቀረሁበትን ትምህርት ቤት ከፈትኩ። ይህን ነገር ጮክ ብዬ ሳስበው ግራ ስለሚያጋባኝ ጮክ ብዬ አላስበውም።

ሥርዓቱ እንደ ሴፕቴምበሩ ነው። ጠዋት በፈረንጅ ሰዓት 9፡30 ላይ ብርጭቆ በማንኪያ እደውላለሁ። ስም እጠራለሁ። «ሆሣዕና ደረጄ!» «አቤት!» ቀሪ የለም። ውብአለም፣ ባለቤቴ፣ «አንድ ልጅ ናት እኮ፤ ፊት ለፊትህ ተቀምጣለች። ስም የምትጠራው ማን እንዳይቀር ነው?» ትለኛለች። እሷ ሆስፒታል ሥራ ስትገባ የሰዓት ካርድ አትመታም? ደብረ ብርሃን አሥራ አንድ ዓመት ሒሳብ ሳስተምር ስም ሳልጠራ ጠመኔ አንስቼ አላውቅም።

ዛሬ አዲስ ነገርም አለ። እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚዘልቀውን የአምስት ዓመት ዕቅዴን በትልቅ ወረቀት ሠርቼ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ሆሣዕና ለረጅም ጊዜ አየችው። «ኦል ዘ ዌይ ቱ ትዌልቭ?» አለችኝ። «አዎ፣ እስከ አሥራ ሁለተኛ» አልኳት። እርሳሷን ማኘክ ጀመረች። በጣም እንደተነካች ገባኝ።

ስምምነታችንን ለመዝገብ ያህል ልጻፈው። ሆሣዕና የምትወዳደረው በዳይቪንግ ነው፤ ከቦርድ ላይ ተገለባብጦ ውሃ ውስጥ መግባት። ጎበዞቹ ልጆች የሚሠለጥኑት እኩለ ቀን ላይ ስለሆነ ነው ከሰባተኛ ክፍል አውጥቼ ቤት ያስገባኋት። ኤፕሪል 12 በሚደረገው ውድድር ለፕሮቪንሻል፣ ማለትም ለክፍለ አገሩ ሻምፒዮና፣ ካለፈች ቤት መማሯን ትቀጥላለች። ካላለፈች ትምህርት ቤቷ ትመለሳለች። ውብአለም ይህን ስትል እጄን አስጨብጣኛለች።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 9

ባስ ውስጥ ነው የምጽፈው፣ ልጆቹ ከክፍል እስኪወጡ። ሆሣዕና ዛሬ ገንዳው ላይ ተገታች። ጀርባዋን ለውሃው ሰጥታ፣ ወደ ኋላ ዘላ፣ ፊቷን ወደ ቦርዱ አድርጋ የምትወርድበት ዳይቭ አለ። ከኖቬምበር ጀምሮ አሳምራ ትሠራው ነበር። ዛሬ ጫፍ ላይ ቆመች፣ ቆመች፣ ቆመች፣ ተመልሳ በደረጃው ወረደች። ቁርሷ ይሆናል። ልጆቹ መጡ።

እሑድ፣ ጃንዋሪ 19

ከአምልኮ በኋላ ወንድም ክብረት በር ላይ ያዘኝ። «ልጅህ ስፖርተኛ ናት አሉ። ስንት ኪሎ ሜትር ነው የምትሮጠው?» ዳይቪንግ ነው አልኩት። «እሱ ከሩጫው በፊት ነው?» አለኝ።

ቀጥሎ የት እንደምትማር ጠየቀኝ። የኛ ሰው ብዙ ነገር ይቅር ይላል፤ ልጁን ከትምህርት ቤት ያወጣን አባት ግን ይቅር አይልም። አገር ቤት ያለችው እናቴ ብትሰማ ለቅሶ ትቀመጣለች። ስለዚህ «የግል ትምህርት ቤት ናት» አልኩት።

«በክፍል ተማሪ ይበዛል?»

«አይበዛም።»

«ዳይሬክተሩስ?»

«ኃይለኛ ነው።»

«እንዲህ ያለ ነው የምፈልገው!» ብሎ ለልጁ ለዮዳሄ ፎርም እንዳመጣለት ለመነኝ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና «እጠይቅልሃለሁ» አልኩት። ይህን ሁሉ የተናገርኩት በጌታ ቤት ደጃፍ ቆሜ ነው።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 29

የውብአለም እናት፣ እማማ የኔነሽ፣ ሊጠይቁን ከመጡ አራት ወራቸው ነው። የሚተኙት ከሆሣዕና ጋር ነው። ጠዋት ጠዋት ሳሎን ጥግ፣ ማለትም መማሪያ ክፍሌ ውስጥ፣ ነጭ ሽንኩርት እየላጡ ይቀመጣሉ። ይህን ሁሉ ነጭ ሽንኩርት ማን እንደሚበላው አላውቅም።

ዛሬ ከመሥሪያ ቤት ስልክ ተደወለና ሆሣዕናን የክፍል አለቃ አድርጌ፣ «ረባሽ ጻፊ» ብያት ወጣሁ። ስመለስ ሰሌዳው ላይ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ ረባሾች፦ 1ኛ እማማ። 2ኛ ዳዲ፣ ስልክ ላይ ጮኸ።

«እውነቷን ነው» አሉ እማማ። «ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት እንደሆነ ነግሬያታለሁ።»

ደብረ ብርሃን ቢሆን ረባሽ ይንበረከካል። አማቱን ያንበረከከ መምህር ግን ሰምቼ አላውቅም። በተግሣጽ አለፍኳቸው።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 7

ካርድ ሰጠኋት። ሒሳብ 94፣ ሳይንስ 91፣ እንግሊዝኛ 88፤ የእንግሊዝኛውን ፈተና ስህተት ያረመችልኝ ራሷ ናት። ጸባይ B። ደረጃ፦ 1ኛ ከ1 ተማሪ። ውብአለም ደረጃው ይቅር ብላ ነበር፤ ደረጃ የሌለው ካርድ ግን ካርድ አይደለም።

ሆሣዕና ካርዱን አየችው። «ሁ ኢዝ ሰከንድ?» አለች።

«ሁለተኛ የለም።»

«መጨረሻስ?»

ይህን አስቤበት አላውቅም ነበር። «እሱም አንቺ ነሽ» አልኳት። ሳቀች መሰለኝ።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 13

በረዶ። ባስ ሁሉ ተሰርዟል። የእኛ ትምህርት ቤት ግን ክፍት ነው፤ ተማሪያችን መንገድ አታቋርጥም።

ከመስኮቱ ሥር ስድስት ልጆች በረዶ ላይ ይንከባለላሉ። «የባስህ ልጆች ናቸው?» አለችኝ። ሁለቱ ናቸው አልኳት። «ያቺ ቀይ ኮፍያ ያላት ትናንትም ከዚያ ልጅ ጋር ነው የተቀመጠችው?» ስለ ሥራዬ ማወቅ ትወዳለች። ማን ከማን ጋር እንደተቀመጠ፣ ማን ከማን እንደተጣላ በየቀኑ ትጠይቀኛለች። የልጆቹን ስም ከእኔ በላይ ታውቃለች። እኔ አባቴን አንድ ቀን እንኳን «ሥራ እንዴት ዋለ?» ብዬው አላውቅም። ጥሩ ልጅ ናት።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 24

ዳይቩን ከተወችው ሰባተኛ ሳምንቷ ነው። ሌላውን ሁሉ ትሠራለች። እሱ ላይ ስትደርስ ትቆማለች፣ ትመለሳለች። ያለ እሱ ዳይቭ ደግሞ ኤፕሪል 12ን ማለፍ አይታሰብም።

አሰልጣኟ ማርሲያ እዚሁ ከተማ፣ ኤግሊንተን ዌስት ሰፈር ያደገች ጃማይካዊት ናት። ለረዳቷ ስትናገር ሰማኋት፤ «ይህች ልጅ አልፈራችም። የፈራ ልጅ አውቃለሁ። እሷ የምታሰላው ነገር አለ» አለቻት።

ምንድን ነው የምታሰላው? ሳምንቱን ክፍልፋይ ስላበዛሁባት ይሆናል። የቤት ሥራውን በግማሽ ቀነስኩላት።

ረቡዕ፣ ማርች 5

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

የተቀነሰውንም የቤት ሥራ ሳትሠራ መጣች። ለምን ስላት «ዳዝንት ማተር» አለችኝ። ደሜ ፈላ። አሥራ አንድ ዓመት የለመደ አፌ እኔን ሳያማክር «ውጪ! ወላጅሽን ሳትይዢ እንዳትመጪ!» አለ።

እማማ የኔነሽ ቢላዋቸውን አስቀመጡ።

«የትኛውን?» አለች ሆሣዕና።

ካልኩ አልኩ ነው። «እናትሽን!»

ሌሊቱን ሠርታ የተኛችውን እናቷን ሄዳ ቀሰቀሰቻት። ውብአለም በፒጃማ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና መጣችና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። «ምን አጠፋች፣ መምህር?» አለችኝ። ወደ ኋላ መመለስ አፈርኩ። ስለዚህ የተማሪዋን ሁኔታ በጨዋ ቃል አስረዳኋት፤ ችሎታ አላት፣ ትኩረት ግን ይጎድላታል አልኩ። መጨረሻ ላይ ወላጅን ሁሉ የምጠይቀውን ጥያቄ ጠየቅኋት። «ቤት ውስጥስ እንዴት ናት?»

ውብአለም የጨፈነችውን ዓይኗን ገለጠች። «አባቷን ጠይቅ» ብላኝ ተመልሳ ተኛች።

ዓርብ፣ ማርች 14

ትምህርት ቤቶች ሳምንቱን ዝግ ናቸው፤ ባስም የለም። አጋጣሚውን ተጠቅሜ ትምህርታዊ ጉብኝት አዘጋጀሁ። የአበሻ ሱቆች ውስጥ ስለ ኪሎና ግራም ልናጠና ዳንፎርዝ ጎዳና ወጣን። ሰልፍ ይዘን ነው የሄድነው፤ ከኋላዬ እሷ፣ ከእሷ ኋላ ማንም የለም።

አይስክሬም ቤቱ በር ላይ ሦስት የድሮ የክፍል ጓደኞቿን አገኘን። ተቃቀፉ፣ ጮኹ። አንዷ አሁን የት እንደምትማር ጠየቀቻት። ሆሣዕና ደብተሯን ጃኬቷ ውስጥ አስገባችና «ትንሽ ትምህርት ቤት ነው» አለቻት በእንግሊዝኛ። ከዚያ እኔን አየችኝ። «ጥሩ ነው ግን» ብላ ጨመረች።

ደስ አለኝ። ቤት ስንደርስ ጉብኝቱን በተመለከተ አንድ ገጽ ጻፊ አልኳት። ሦስት መስመር ጻፈች። ሁለቱ ስለ ልጆቹ ናቸው።

ቅዳሜ፣ ማርች 22

ትንሽ ውድድር ነበር፤ ለልምምድ ያህል። ያንን ዳይቭ አላስገባችም።

ዳኞቹ አምስት ናቸው። ከአምስቱ ነጥብ ትልቁንና ትንሹን ይጥላሉ። ትልቁን! ተማሪ ለፍቶ ያገኘውን ማርክ መጣል የየት አገር ሕግ ነው? አንዷ ዳኛ ለሆሣዕና 4 ተኩል ሰጠቻት፤ ሌሎቹ አራቱ 6 ሰጥተዋታል። ተማሪዬ ስትበደል ዝም አልልም። ሪኮሬክሽን ልጠይቅ፣ የተጓደለብንን በቀይ እስክሪብቶ አስልቼ ወረቀቴን ይዤ ዳኛዋ ዘንድ ቀረብኩ።

ዳኛዋ ጨዋ ሴት ናት። ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበበችልኝ። «ሰር፣ የተጣለው ትንሹ ነጥብ እኮ የእኔው ነው» አለችኝ። 4 ተኩሉ ጭራሽ አልተቆጠረም።

የሒሳብ መምህር ነኝ።

መኪና ውስጥ ሆሣዕና ሳቋን ማቆም አቃታት። ሆዷን ይዛ ነው የሳቀችው። ከጃንዋሪ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አልሰማኋትም። አሁን ስጽፈው ነው ያስተዋልኩት።

እሑድ፣ ኤፕሪል 6

ስድስት ቀን ቀረን። ዳይቩ የለም።

ቸርች ውስጥ የጸሎት ርዕስ ሲጠየቅ ወንድም ክብረት ተነሣ። «ልጄ ዮዳሄ የወንድም ደረጄ ልጅ የምትማርበት ትምህርት ቤት እንድትገባ ጸልዩልኝ» አለ። ጉባኤው አሜን አለ። ውብአለም በክርኗ ጎሸመችኝ። እማማ የኔነሽ ዓይናቸውን ጨፍነው ከሰው ሁሉ በላይ ጮክ ብለው «አሜን!» አሉ። እያሾፉብኝ ነው መሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ ውብአለምና ሆሣዕና ገበያ ወጡ። እማማ «ደረጄ፣ ና ቁጭ በል» አሉኝ።

«ልጅቷ ውሃውን የፈራች ይመስልሃል?»

«ቦርዱን ነው፣ እማማ። ጭንቅላቷን እንዳይመታት።»

«አብሬያት ነው የማድረው። የፈራ ልጅ በእንቅልፉ ይወራጫል። እሷ ድብን ብላ ነው የምትተኛው። እስቲ ንገረኝ፤ ካለፈች ምን ትሆናለች?»

«ቤት መማሯን ትቀጥላለች።»

«ካላለፈችስ?»

መልሱን አውቀዋለሁ። ይህን ደብተር ስጀምር ራሴ ነኝ የጻፍኩት። «ትምህርት ቤት ትመለሳለች» አልኩ።

«እንግዲህ» አሉና ሽንኩርታቸውን መላጥ ቀጠሉ።

«ለምን አልነገረችኝም?» አልኳቸው። ድምፄ የልጅ ድምፅ ሆነብኝ።

«ብርጭቆውን ስትደውል ፊትህን ታየዋለች። እኔም አየዋለሁ። እዚህ አገር ከመጣሁ እንዲህ ደስ ብሎት ሥራ የሚገባ ሰው አላየሁም። ታዲያ በየት በኩል ትንገርህ?»

መጀመሪያ በእማማ ተናደድኩ። ቀጥሎ በማርሲያ፣ ቀጥሎ እጄን ባስጨበጠችኝ በውብአለም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው። ማንም ምንም አላደረገም። አንድ ልጅ ትምህርት ቤቷ ለመመለስ ስትል ዳይቩን እየተወች፣ የአባቷ ደስታ እንዳይነካ ደግሞ አፏን ይዛ ሦስት ወር ከረመች፤ እኔ ደግሞ ቁጭ ብዬ ካርድ እሞላ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ሴፕቴምበር ላይ ማርሲያ፣ ጠዋት በፈረንጅ ሰዓት 5፡30፣ ከትምህርት በፊት የሚሠለጥን ቡድን አለ፣ ሆሣዕና ብትፈልግ ይቀበሏታል ብላኝ ነበር። ለውብአለም አልነገርኳትም። ለሆሣዕናም አልነገርኳትም። ያኔ ሰሌዳውን ገና ገዝቼ መምጣቴ ነበር። ይህን ስጽፈው የመጀመሪያዬ ነው፤ አፍሬበታለሁ።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 8

ዛሬ ለሆሣዕና ሁሉን ልነግራት ነበር። መቶኛ አስተማርኳት።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 10

ባስ ውስጥ። ዛሬም ልነግራት ነበር። ፈተና ስለነበረባት አሳለፍኩት። ፈተናውን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ለውብአለም ግን የጠዋቱን ቡድን ነገር ነገርኳት። አልጮኸችም። «ቅዳሜ ጠዋት መኪና ውስጥ ሁለታችሁ ብቻ ናችሁ» አለችኝ። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 12

ውብአለም ከሥራ በቀጥታ ልትመጣ፣ እኔና ሆሣዕና ቀድመን ወጣን። እሷ መስኮቱን ታያለች። እኔ መሪውን ጨብጫለሁ።

«ሆሲ» አልኳት፤ ሆሲ የምላት ሳባብላት ነው። «ዛሬ ብታልፊም ባታልፊም ትምህርት ቤትሽ ትመለሻለሽ። ሰኞ እናስመዘግብሻለን።»

ሁለት የትራፊክ መብራት አለፍን።

«አር ዩ ማድ?» አለችኝ።

«አይደለሁም።»

«አር ዩ ሳድ?»

ውሸት ሰልችቶኝ ነበር። «አዎ፣ አዝኛለሁ» አልኳት። «ግን ሐዘኑ የእኔ ነው። አንቺ አትሸከሚልኝ።»

«ዳይቪንግስ?»

«ጠዋት አምስት ተኩል የሚሠለጥን ቡድን አለ። ከመጀመሪያውም ነበረ። አልነገርኩሽም፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። እኔ አደርስሻለሁ።»

«አምስት ተኩል? ዳዲ፣ ዛት ኢዝ ሶ ኧርሊ!» አለችና አለቀሰች። ስታለቅስ ትስቃለች፤ ስትስቅ ታለቅሳለች። መኪናውን ዳር አስይዤ ሶፍት ፈለግኩላት። አንዱን ለራሴ ወሰድኩ።

ሦስተኛው ዳይቭ ያ ዳይቭ ነበር። ቦርዱ ጫፍ ሄደች። ዞረች። ጀርባዋን ለውሃው ሰጠች። እንደ ልማዴ መቁጠር ጀመርኩ፤ ሁለት ሳልል ቦርዱ ላይ የለችም።

አገባቧ አያምርም። ውሃው ፈንድቶ ሁለተኛው ረድፍ ድረስ አረጠበን። 4፣ 4፣ 3 ተኩል፣ 4፣ 4 ተኩል። ስትወጣ ጥርሷ ሁሉ ይታይ ነበር። ማርሲያ ፎጣዋን ወደ ላይ ወረወረች። እኔ ብድግ ብዬ ጮህኩ፤ ምን ብዬ እንደጮህኩ አላውቅም። ውብአለም «እልል ነው ያልከው» ትለኛለች። ወንድ ልጅ እልል አይልም፤ ግን አልተከራከርኳትም።

ከሃያ ሁለት ተወዳዳሪ አሥራ አራተኛ ወጣች። አላለፈችም። የውጤት ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

እሑድ፣ ኤፕሪል 13

ወንድም ክብረትን ለብቻው ወስጄ እውነቱን ነገርኩት፤ ትምህርት ቤቱ ሳሎኔ እንደሆነ፣ ተማሪዋ አንድ እንደሆነች፣ ከነገ ጀምሮም እንደሚዘጋ። ይቅርታ ጠየቅኩት።

«ዳይሬክተሩ ኃይለኛ ነው ያልከኝ ስለ ራስህ ነው?» አለኝ።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 14

የጠዋቱን ጉዞ ለሌላ ሾፌር ሰጥቼ ሆሣዕናን አስመዘገብኩ። ቢሮ ያለችው ጸሐፊ ታስታውሳት ኖሮ አቀፈቻት። ኮሪደሩ ላይ አንዲት ልጅ ስሟን ጠርታ ጮኸች። ሆሣዕና ሮጠች። ዞር ብላ አላየችኝም። ጥሩ ምልክት ነው ብዬ ወሰድኩት።

ሰሌዳውን ላወርድ፣ ጠረጴዛውን ወደ ቦታው ልመልስ አስቤ ቤት ገባሁ። እማማ የኔነሽ የሆሣዕና ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። መነጽራቸውን አድርገዋል።

«ዘገየህ» አሉኝ።

«እማማ፣ ልጅቷን ላስመዘግብ ሄጄ ...»

«አውቃለሁ። መቶኛ ላይ ነበርን።»

ፊት ለፊታቸው ደብተር አለ። አንስቼ ገለጥኩት። ከጃንዋሪ ጀምሮ ያስተማርኩት ሁሉ አለ፤ ክፍልፋዩ፣ አስርዮሹ፣ የቤት ሥራው፣ ለሆሣዕና ያወጣሁት ፈተና ሳይቀር፣ በእርሳስ፣ በትልልቅ ቁጥር። መስመሩን ሁሉ በማስመሪያ ነው ያሰመሩት።

«ሰባተኛ ክፍል ልገባ ስል ነው የዳሩኝ» አሉ እማማ፣ እኔን ሳያዩ። «ደብተሩን ገዝቼ ነበር።»

የሐሙሱን ፈተና አየሁት። ከአምስቱ ሦስተኛውን ተሳስተዋል። ቀይ እስክሪብቶዬን ፈልጌ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።